ዓሣ ለሚኖርበት ውኃ የሚገባ ማጣበቂያ

ሰው ሁለት ነገሮችን አንድ ሊያደርግ ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ማጣበቂያው ጥንካሬ ነው፤ ለወንበር እግር፣ ለበር መቃንና ለጫማ ሶልም ይህ የተገባ ጥያቄ ነው። ዳሩ ግን የሚሠራው ዕቃ ሕይወት ያለው ፍጡር ሌሊትና ቀን የሚተነፍስበትን ውኃ የሚይዝ ሲሆን፣ ከጥንካሬው የሚቀድም ሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ እርሱም ማጣበቂያው ከደረቀ በኋላ ለውኃው የሚያወርሰው ምንድን ነው የሚለው ነው። ሰው ሽታው ከከበደው ክፍል ወጥቶ ንጹሕ አየር ሊስብ ይችላል፤ ዓሣ ግን ከተቀመጠበት ሣጥን የሚሸሽበት ስፍራ የለውም፤ ውኃውም ከደሙ የሚለየው በስንጥቡ ላይ ባለ እጅግ ስስ ሽፋን ብቻ ስለ ሆነ፣ በውኃው የሟሟ ረቂቅ መርዝ ሳይውል ሳያድር ወደ ሥጋው ይዘልቃል። እንግዲህ በቤቱ ሆኖ የአኳሪየም ክፍሎችን ከአክሪሊክ ቆርጦ ለመግጠም የሚያስብ ሰው፣ መጋዙንና መለኪያውን ከማንሣቱ በፊት ማጣበቂያውን ሊመረምር ይገባዋል።

ነገሩ በየትም ከተማ እውነት ቢሆንም በሐረር ግን ይበልጥ ይከብዳል። ከባሕር ወለል በላይ 1885 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠችው፣ በ16ኛው ምዕተ ዓመት አሚር ኑር ባሠሩት የጀጎል ግንብ የተከበበችው ይህች ጥንታዊት ከተማ፣ የውኃን ዋጋ በብርቱ ፈተና የተማረች ናት። ለረጅም ጊዜ የምትጠጣው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር፤ ሐይቁ ግን ከዙሪያው ኮረብቶች በጎርፍ የሚወርደው ደለል እየሞላው፣ ለጫትና ለአትክልት መስኖ በየአቅጣጫው በሞተር እየተሳበ፣ ለከተሞችም እየተቀዳ ሄዶ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ደረቀ፤ ውኃ በነበረበትም ስፍራ ከብት ተሰማራበት። ምንም እንኳ በቅርብ ዓመታት ሐይቁ ዳግመኛ ውኃ መያዝ ቢጀምር፣ ለከተማይቱም ከድሬዳዋ አካባቢ የከርሰ ምድር ውኃ ሽቅብ እየተገፋ ቢመጣላት፣ የሐረር ቤተ ሰብ ዛሬም ውኃን በተራ እንደሚደርስ በረከት ቆጥሮ በጀሪካን፣ በበርሜልና በሮቶ ማጠራቀምን አልተወም።

በአኳሪየም ውስጥ መርዝ ገብቷል ተብሎ በተጠረጠረ ጊዜ፣ የዓሣ አርቢዎች ሁሉ የሚሰጡት የመጀመሪያ ምክር ከውኃው ግማሹን አፍስሶ በንጹሕ መተካት፣ ይህንንም መደጋገም ነው። 100 ሊትር ለሚይዝ አነስተኛ አኳሪየም ይህ ማለት በእያንዳንዱ ጊዜ 50 ሊትር፣ ማለትም በባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሁለት ተኩል ነው፤ ቧንቧው በተራ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር እማወራ ወይም አባወራ ይህን ያህል ውኃ ለምግብና ለንጽሕና ከተቀመጠው ላይ ደጋግሞ ለማፍሰስ ልቡ አይፈቅድለትም። ስለዚህ በሐረር የማጣበቂያን ስሕተት በውኃ አጥቦ ማስወገድ አይታሰብምና፣ ጥንቃቄው ሁሉ ከመጀመሪያው የማጣበቂያ ጠብታ በፊት መሆን አለበት።

አክሪሊክ ብዙ ሰው ፕሌክሲግላስ በሚለው የንግድ ስሙ የሚያውቀው፣ እንደ መስታወት የጠራ የፕላስቲክ ዓይነት ነው። በጀርመን አገር በዳርምሽታት ከተማ የነበረው የኦቶ ሮም ኩባንያ ፕሌክሲግላስ የሚለውን ስም በ1933 እ.ኤ.አ. አስመዘገበ፤ በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገር ደግሞ አይ.ሲ.አይ. የተባለው ኩባንያ ይህንኑ ነገር ፐርስፔክስ ብሎ ለገበያ አቀረበው። ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ 92 ያህሉን ያሳልፋል፤ ክብደቱም የመስታወት ግማሽ እንኳ አይሞላም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ተጉዞ፣ ከዚያም በጀጎል ውስጥ ባሉት ጠባብ መንገዶች በሰው ትከሻ ለሚገባ ዕቃ፣ ቀላልና በቀላሉ የማይሰበር መሆን ትልቅ ጸጋ ነው። ነውሩ ደግሞ ቶሎ መጫሩ፣ ውኃ በጥቂቱ እየሳበ በአንድ ወገን መጉበጡ፣ ከሁሉም ይልቅ ለአንዳንድ አሟሚ ፈሳሾች የተሸነፈ ባሕርይ ያለው መሆኑ ነው። ይህ የመጨረሻው ነውር ግን፣ በብልኅ እጅ ሲያዝ፣ ለመገጣጠሚያው ዋና መክፈቻ ይሆናል።

ነገር ግን የጠራ ፕላስቲክ ሁሉ አክሪሊክ አይደለም። በገበያ ላይ ፖሊስታይሪንና ፖሊካርቦኔትም እንዲሁ ጠርተው ይሸጣሉ፤ ለእያንዳንዱም የሚስማማው ማጣበቂያ ልዩ ልዩ ነው። የሚጠራጠር ሰው ከጠርዙ የጥፍር ያህል ቁራጭ አንሥቶ፣ በመቆንጠጫ ይዞ፣ በአየር ላይ በእሳት ይፈትነው፤ አክሪሊክ ብዙ ጭስ ሳያወጣ እየተንጣጣ ሳያቋርጥ ይነድዳል፣ ሽታውም ወደ ጣፋጭ ፍሬ ያደላል፤ ፖሊስታይሪን ጥቁር ጥላሸት ይተፋል፤ ፖሊካርቦኔት ደግሞ እሳት የሚይዘው በግድ ነው፣ ከነበልባሉም ሲያርቁት ወዲያው ይጠፋል።

ቁሳቁሱ ከታወቀ በኋላ የሚከተለው፣ የሚሠራው ክፍል ምን ሸክም እንደሚሸከም መለየት ነው። ውኃ በ40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ በአንድ ካሬ ሜትር 400 ኪሎ ግራም ያህል ይጫናል፤ ይህንን ሸክም ከውጭ የሚደግፈው ውኃ ሳይኖር የሚሸከመው የአኳሪየሙ የውጭ ግድግዳ ነው። በውስጥ የሚቆም መለያያ፣ ለምሳሌ ገና የተፈለፈሉትን ጫጩት ዓሦች ከትላልቆቹ የሚጠብቅ ሣጥን፣ ውኃው በሁለቱም ወገን እኩል ስለሚገፋው ከሞላ ጎደል ሸክም የለበትም። የማጣሪያ ሣጥን ወይም የትርፍ ውኃ መውረጃ ደግሞ በመካከል ነው፤ በአንዱ ወገን ውኃው ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ስለሚል መጠነኛ ግፊት ይሸከማል። ይህን ልዩነት ያልመዘነ ሠሪ፣ ወይ ደካማውን ማጣበቂያ ለከባዱ ሥራ ይሰጣል፣ ወይም ለቀላሉ ሥራ አደገኛውን በከንቱ ያመጣል።

ለከባዱ ሥራ ከሁሉ የሚበልጠው፣ በእውነቱ ስሙ እንጂ ግብሩ የማጣበቂያ ያልሆነው፣ አሟሚ ፈሳሽ ነው። ዋናው ንጥረ ነገሩ ብዙ ጊዜ ሜቲሊን ክሎራይድ የሚባለው ሲሆን፣ እንደ ውኃ የቀጠነ ስለ ሆነ በቀጭን መርፌ በመጋጠሚያው ጫፍ ላይ ሲንጠባጠብ ራሱ በስንጥቁ ውስጥ እየተሳበ ይገባል። የሁለቱንም አክሪሊኮች ገጽ ያለሰልሳል፤ እንደ ክር የረዘሙት ረቂቃን የአክሪሊክ ሰንሰለቶችም ከዚህና ከዚያ ተሻግረው ይጠላለፋሉ፤ ፈሳሹ ተንኖ በሄደ ጊዜ በመካከል ባዕድ ነገር ሳይቀር ሁለቱ አንድ አካል ይሆናሉ። ሸክላ ሠሪዋ የማሰሮውን ጆሮ ከገላው ጋር በእርጥቡ ስታዋሕድ፣ ከተተኮሰ በኋላ መጋጠሚያው ተፈልጎ እንደማይገኝ ማለት ነው። ከዚህ የተነሣ ለዓሣው ያለው ደኅንነት ከጥንካሬው ጋር አብሮ ይሄዳል፤ አሟሚው ፈጽሞ ከተነነ በኋላ ውኃው የሚነካው አክሪሊክን ብቻ ነውና።

በአንጻሩ አሟሚው ክፍተት አይሞላም። በመጋዝ የተንሻፈፈ፣ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ ጠርዙ የተድበለበለ ቁራጭ፣ ቀጭኑን ፈሳሽ ቢጠጣም አይዋሐድም። ለእንዲህ ያለው መጋጠሚያ ያው አሟሚ በሟሟ አክሪሊክ ወፍሮ የሚሸጠው ዓይነት ይሻላል፤ ለአኳሪየም የውጭ ግድግዳ ደግሞ ሁለት ፈሳሾች ተቀላቅለው እዚያው ወደ አክሪሊክ የሚለወጡበት ባለ ሁለት ክፍሉ ማጣበቂያ ከሁሉ የጸና ነው። ደግሞም ጠርዙን ለማብረቅ በእሳት ማለስለስ ለዓይን ቢያምርም፣ በውስጡ የታመቀ ውጥረት ስለሚተው፣ በኋላ አሟሚው ሲነካው የፀጉር ያህል የቀጠኑ ስንጥቆች ያወጣል፤ የሚጣበቅ ጠርዝ እሳት ሊነካው አይገባም።

ለዓሣው መልካም የሆነው ይህ ፈሳሽ ለሠሪው ግን ጨካኝ መሆኑን ሳይናገሩ ማለፍ ኃጢአት ነው። የሜቲሊን ክሎራይድ ተን ወደ ሳንባ በገባ ጊዜ ከፊሉ በሰውነት ውስጥ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል፣ ይህም በተዘጋ ቤት ከሚጨስ ከሰል የሚወጣው ያው ገዳይ አየር ነው፤ ካንሰርም ያመጣል ተብሎ ይፈራል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ባለ ሥልጣን በ2024 እ.ኤ.አ. አብዛኛውን አጠቃቀሙን የሚከለክል ደንብ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ተኑ ከአየር የከበደ ስለ ሆነ ወደ ታች ይወርዳል፤ ወለል ላይ የተቀመጠ ሕፃን ከቆመው ሠሪ ይልቅ ይጎዳል፤ የጨርቅ ጭምብል ምንም አያግደውም፣ የተለመደውንም ስስ ጓንት በጥቂት ደቂቃ ያልፈዋል። ስለዚህ ሥራው በቤት ውስጥ ሳይሆን ነፋስ በሚያገኘው ግቢ፣ ልጆች ርቀው፣ በጥቂት በጥቂቱ ይሁን። ክሎሮፎርምም አክሪሊክን ያዋሕዳል፤ ጉበትን ስለሚጎዳና በብርሃንና በአየር ውስጥ ሲቆይ ወደ ባሰ መርዝ ስለሚለወጥ ግን ለቤት ሥራ አይመከርም።

የሐረር ከፍታም በዚህ ላይ የራሱ ድርሻ አለው። ሜቲሊን ክሎራይድ በባሕር ወለል የሚፈላው በ40 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ የአየሩ ክብደት በቀነሰበት በሐረር ከፍታ ግን ከዚያ በበርካታ ዲግሪ ዝቅ ባለ ሙቀት፣ በ33 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በቀትር ፀሐይ የጋለ አክሪሊክ ላይ ቢፈስ ገና ወደ ስንጥቁ ሳይዘልቅ ይተንናል፣ በመጋጠሚያውም ውስጥ አረፋ ይተዋል። ጠዋት በማለዳ፣ አየሩ ገና ቀዝቀዝ ሳለ፣ በጥላ ሥር የሚሠራ ሰው መገጣጠሚያው የጠራ ይሆንለታል፤ የሚተነፍሰውም ተን ያንሳል።

ከዚህ ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚያስበው ሲሊከን ነው፤ የመስታወት አኳሪየም ሁሉ በእርሱ ስለሚሠራ ማሰቡ አያስገርምም። በደረቀ ጊዜ ከዓሣ ጋር ተስማምቶ የሚኖር፣ ለብዙ ዓመት የማይበሰብስ ነገር ነው፤ ነገር ግን ከመስታወት ጋር ያለው ጽኑዕ ፍቅር ከአክሪሊክ ጋር የለውም፤ በጥፍር ሲነሣ እንደ ልጣጭ ይላቀቃል። ስለዚህ ሸክም ለሌለበት የውስጥ ክፍል፣ ክፍተት ለመድፈን፣ ቧንቧ ለመያዝ ይውላል እንጂ የአክሪሊክን ግድግዳ ሊያቆም አይችልም። በመግዛት ጊዜም ታላቅ ጥንቃቄ ያሻል። ለመታጠቢያ ቤትና ለወጥ ቤት ተብሎ የሚሸጠው ሲሊከን ሻጋታ እንዳይበቅልበት ፀረ ሻጋታ መድኃኒት ይጨመርበታል፤ ሻጋታን የሚገድል መድኃኒት ደግሞ ለዓሣም ሞት ነው። ቱቦው ላይ ለአኳሪየም እንደሚሆን የተጻፈበት፣ ወይም መቶ በመቶ ሲሊከን ሆኖ ፀረ ሻጋታ የሌለበት፣ ሲደርቅ እንደ ሆምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ይመረጥ። ሽታው የአሴቲክ አሲድ ነው፤ እስኪያልቅ ድረስ ውኃ ሊነካው አይገባም። ሲሊከን የሚደርቀው በአየሩ ውስጥ ባለው እርጥበት ስለ ሆነ፣ በበጋ ወራት አየሩ ሲደርቅ ይዘገያል፤ በቀን 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ወደ ውስጥ እየጠነከረ ስለሚሄድ፣ ወፍራሙን መስመር አንድ ሳምንት መታገሥ ይሻላል።

ሱፐር ግሉ ተብሎ በትንሽ ቱቦ የሚሸጠው ሲያኖአክሪሌት፣ በ1942 እ.ኤ.አ. ሃሪ ኩቨር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ለሌላ ጉዳይ ሲሠራ ያገኘው፣ በ1958 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበ ነው። ከደረቀ በኋላ ውኃን እምብዛም ስለማይመርዝ፣ የባሕር ዓሣ አርቢዎች ኮራልን ከድንጋይ ጋር፣ ሌሎችም የውኃ ተክልን ከግንድ ጋር የሚያያይዙት በወፍራሙ ዓይነት ነው። በአክሪሊክ ላይ ግን ሁለት ጉድለት አለበት፤ አንደኛ፣ ደርቆ ስለሚከርር ጭንቀት በደረሰበት ጊዜ ይሰነጠቃል፤ ሁለተኛ፣ በውኃ ውስጥ በኖረ ቁጥር ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል። ለትንሽ ነገር፣ ለጊዜው ለመያዝ ይበጃል፤ ለዘለቄታው ግን አይታመንም።

ኢፖክሲ ሁለት ፈሳሾች ተቀላቅለው የሚጠነክሩበት ማጣበቂያ ነው። በልኩ ተመጥኖ፣ በሚገባ ተቀላቅሎ፣ ፈጽሞ የደረቀ ኢፖክሲ ዓሣን አይጎዳም፤ በዓይን ግምት የተቀላቀለው ግን ከአንዱ ክፍል ትርፍ ስለሚቀርበት፣ ያ ትርፍ ለወራት ወደ ውኃው እየተንጠባጠበ ይወጣል። ብረት ለመጠገን ተብሎ የብረት ወይም የመዳብ ዱቄት የተጨመረበት ዓይነት ፈጽሞ አይነካ፤ መዳብ በጥቂቱ እንኳ ቀንድ አውጣንና የውኃ ሽሪምፕን ይፈጃል፣ ሲበዛም ዓሣን አይምርም። ከአክሪሊክ ጋርም የሚያያዘው ገጹ በብርጭቆ ወረቀት በተሻከረ ጊዜ ብቻ ነው።

በየሱቁ ቶሎ የሚገኙት ሌሎቹ ማጣበቂያዎች በአኳሪየም ውስጥ ስፍራ የላቸውም። ማስቲሽ ለጫማ ሠሪው የታመነ አገልጋይ ቢሆንም፣ በውስጡ ያሉት ቶሉይንና መሰሎቹ አሟሚዎች ለሰው አእምሮም ለዓሣ ስንጥብም ጠላት ናቸው፤ የጎማው ሽፋንም በውኃ ውስጥ ይላቀቃል። የአናጺው ነጭ ኮላ ውኃ ሲነካው ዳግመኛ ይለሰልሳል። የቧንቧ ማጣበቂያ ፒ.ቪ.ሲ.ን ከፒ.ቪ.ሲ. ለማያያዝ የተሠራ እንጂ ለአክሪሊክ የታሰበ አይደለም፤ ከሌላ ባሕርይ ጋር ሲገናኝ ደካማ መጋጠሚያ ሊተው ይችላል።

ከዚህ ሁሉ እንደምንረዳው፣ ብዙ ጊዜ ዓሣን የሚገድለው የማጣበቂያው ዋና አካል ሳይሆን ተጨማሪው ነው፤ ፀረ ሻጋታው፣ የብረት ዱቄቱ፣ ቀለሙ፣ ማለስለሻው፣ ያልደረቀው ትርፍ። ስለዚህ ገዢ ቱቦውን ገልብጦ ጽሑፉን ማንበብ፣ ጽሑፉ በማያውቀው ቋንቋ ቢሆን የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ይገባዋል፤ ሻጩም ለአኳሪየም የሚሆነውን ለመታጠቢያ ቤት ከሚሆነው ለይቶ ቢያስቀምጥ ከንግዱ ሌላ ምስጋና ያተርፋል።

ሥራው ካለቀ በኋላ ትዕግሥት ይከተላል። በአሟሚ የተዋሐደ ክፍል በጥቂት ደቂቃ የቆመ ቢመስልም፣ አብዛኛውን ጥንካሬውን የሚያገኘው ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ቆይቶ ነው፤ ከዚያ በፊት ውኃ አይሙላበት። ከዚያም በተለየ ዕቃ ውስጥ ንጹሕ ውኃ ሞልቶ፣ ክፍሉን ዘፍዝፎ፣ ውኃውን ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ለውጦ፣ መጨረሻ ላይ ማሽተት ያስፈልጋል፤ የሆምጣጤ፣ የቀለም ወይም የመድኃኒት ሽታ የሚሰማበት ክፍል ገና አልበቃም። አንድ ጀሪካን የማይሞላ ውኃ ለዚህ ፈተና ማዋል፣ በኋላ ዓሦቹንና ሙሉውን አኳሪየም ከማጣት ያድናል፤ ክፍሉ መጀመሪያ የተዘፈዘፈበትን ውኃም ለሰው ወይም ለከብት መጠጥ ማዋል አይገባም።

ሐረር ግን የማጣበቅን ጥበብ ከውጭ ብቻ የምትማር ከተማ አይደለችም። የቁርኣንና የሌሎች መጻሕፍት ቅጂ ለዘመናት የተጻፈባትና የተደጎሰባት ከተማ ናት፤ በጀጎል ውስጥ በራስ ተፈሪ ስም በሚጠራው ቤት የሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየም፣ መሥራቹ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ የሰበሰቧቸውንና ያስጠገኗቸውን ብዙ ብራናና ወረቀት ይዟል። የጥንቱ ደጓሽ የመጽሐፉን ቅጠሎች አንድ የሚያደርገው በክር ሰፍቶ ነበር፤ ሙጫውና ሊጡ የሚውሉት ቆዳውን በሽፋኑ ላይ ለማስተኛት ነበር። ኃይሉን የሚሸከመው ክሩ ስለ ሆነ፣ ማጣበቂያው ለወረቀቱ የማይጎዳ ልዝብ ነገር ሊሆን ቻለ፤ ዛሬም በዓለም ላይ ያሉ የመጻሕፍት ጠጋኞች በውኃ ተመልሶ የሚለቅቅ የስታርች ሊጥን የሚመርጡት በዚሁ ሥርዓት ነው።

የአኳሪየም ሠሪ ከዚህ ሊወስድ የሚገባው ትምህርት፣ ሸክሙን በቅርጹ ላይ ጥሎ ማጣበቂያውን ከሸክም ማሳረፍ ነው። መለያያው በአክሪሊኩ ላይ በተቆረጠ ቦይ ውስጥ እየገባ ቢቆም፣ የማጣሪያው ሣጥን ምላስና ጉድጓድ ተበጅቶለት ቢገጣጠም፣ ቧንቧውም በናይሎን ብሎን ቢታሰር፣ ከማጣበቂያው የሚፈለገው ጥቂት ይሆናል፤ ጥቂት ሲሆን ደግሞ ሠሪው አደገኛውን አሟሚ ትቶ ለዓሣው የሚስማማ ሲሊከን ብቻ ሊጠቀም ይችላል። በገበያው ተስማሚውን አሟሚ ያላገኘ፣ ወይም ነፋስ የሚያገኝ ግቢ የሌለው ሰው፣ ያገኘውን ማጣበቂያ በግድ ከመቀባት ይልቅ የክፍሉን ንድፍ እንደገና ይሣል፤ በወረቀት ላይ የተለወጠ መስመር የሚያስወጣው የአንድ ሰዓት ድካም ብቻ ነው፣ በውኃ ውስጥ የተለቀቀ መርዝ ግን ተመልሶ ወደ ቱቦው አይገባም።